ስለ ለስላሳ ሙዚቃና ስማቸው ሳይጠየቅ ስለሚቀር ሙዚቀኞች

በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ጥሩ ቅኔ በሰማ ጊዜ ከማድነቁ ቀጥሎ የሚጠይቀው «የማን ነው?» ብሎ ነው። የባለቤቱም ስም ሲነገረው በዚህ ብቻ አይበቃውም፤ መምህሩ ማን እንደ ሆኑ፥ ከየትኛው ጉባኤ እንደ ወጣ፥ ሌላም የተቀኘው እንዳለ ይመረምራል። ከዚህም ልማድ የተነሣ በብራና ላይ ያልሰፈረ ቅኔ እንኳ ከባለቤቱ ስም ጋራ ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ ብዙ ዘመን ይኖራል። የሙዚቃ አሰማማችን ግን በዛሬው ጊዜ ከዚህ ልማድ እየራቀ ሄዷል።

ነገሩን ያስታወሰን አንድ ትንሽ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሰሞን ለጉዳይ በሄድንበት በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ በጠረጴዛው ላይ ካለው ኮምፒዩተር የፒያኖ ሙዚቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ከፍቶ ይሠራ ነበር። ሙዚቃው ቃል የሌለው፥ የማይቸኩል፥ ከወረቀት መገለጥ ድምፅ ጋራ እንኳ የማይጣላ ስለ ነበረ ደስ አሰኘን። «ይህ የማን ሙዚቃ ነው?» ብለን ብንጠይቀው፥ «እኔ እንጃ ጌታዬ፤ ለሥራ የሚሆን ለስላሳ ሙዚቃ የሚል ዝርዝር አለ፤ ጧት ስገባ እከፍተዋለሁ፥ ማታ ስወጣ እዘጋዋለሁ» ሲል መለሰልን። እንዲህ ማድረግ ከጀመረ ስንት ጊዜ እንደ ሆነው ብንጠይቀው ዓመት እንዳለፈው ነገረን።

በጸሐፊው አንፈርድበትም። ሥራን ሳያስፈታ ከሥራ ጋራ አብሮ የሚሄድ ሙዚቃ መኖሩ መልካም ነገር ነው፤ አሳቡም የቈየ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በ1920 ዓ.ም. ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ሙሴ ኤሪክ ሳቲ ከሙሴ ዳርዩስ ሚዮ ጋራ ሆነው «የቤት ዕቃ ሙዚቃ» የሚል ስም የሰጡትን አዲስ ነገር በፓሪስ ከተማ በአንድ የሥዕል ማሳያ አዳራሽ ውስጥ በቲያትር ዕረፍት ጊዜ አሰሙ። አሳባቸውም ሙዚቃው እንደ ወንበርና እንደ መጋረጃ በክፍሉ ውስጥ ይኑር እንጂ ማንም ልብ ብሎ አይስማው የሚል ነበር። ነገር ግን መሣሪያው በተመታ ጊዜ ሰዎቹ ጨዋታቸውን አቋርጠው ለመስማት ወደየወንበራቸው ተመለሱ። ሙሴ ሳቲም በመካከላቸው እየተዘዋወሩ እንዲያወሩና እንዲንቀሳቀሱ ቢለምኗቸው አልሆነላቸውም፤ ሕዝቡ ዝም ብሎ አዳመጠ። የዛሬው ሰው ቢሆን ኖሮ ልመናው ባላስፈለጋቸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንግሊዛዊው ሚስተር ብራያን ኢኖ በ1975 ዓ.ም. መኪና ገጭቷቸው በአልጋ ላይ ሳሉ አንዲት ወዳጃቸው የሃርፕ፥ ማለት የፈረንጅ በገና፥ ሸክላ ይዛላቸው መጣች። ሸክላውን አስጀምረው ተመልሰው ከተኙ በኋላ ድምፁ እጅግ ዝቅ ብሎ ኖሮ፥ ተነሥተው ከፍ ለማድረግ አቅም ስላልነበራቸው፥ ከውጭ ከሚዘንበው ዝናም ጋራ ተቀላቅሎ እየመጣ ሲጠፋ ሰሙት። በ1978 ዓ.ም. ለአይሮፕላን ማረፊያ የሚሆን ሙዚቃ ብለው ያወጡት የታወቀው ሸክላቸው ከዚህ አሳብ የተወለደ ነው። እሳቸውም እንዲህ ያለው ሙዚቃ ልብ ሳይሉት ሊያልፉት የሚቻል፥ ልብ ቢሉት ግን የሚያስደስት መሆን አለበት ብለው ወሰኑ። ይህ ሁለተኛው ክፍል ነው ዛሬ የተዘነጋው።

ጸጥታ ያለው ሙዚቃ ሁሉ አጃቢ ነው ማለታችን እንዳልሆነ በዚህ ላይ ማሳሰብ ይገባናል። በገና ከመሣሪያ ሁሉ ይልቅ ጸጥተኛ ነው፤ ነገር ግን በዐቢይ ጾም በገና እየተደረደረ መዝገብ የሚያገላብጥ ሰው አላየንም።

ለስላሳ ሙዚቃ ራሱን ከፍ አድርጎ አይጮኽም፤ ደግነቱ ይህ ነው፥ ጕዳቱም ይኸው ነው። ዘፋኝ የሆነ ሰው በቃሉና በድምፁ ይታወቃል፤ ሳይናገር ፒያኖውን ወይም አኮርዲዮኑን ብቻ የሚጫወተው ግን ማንም ካልጠየቀለት ስሙ ይቀራል። ባለቤት የሌለው ከመሰለ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ቢገባበት አያስደንቅም። ዳገንስ ኒሄተር የተባለው የስዊድን ጋዜጣ በ2024 ዓ.ም. እንደ ገለጸው፥ ስፖቲፋይ በሚባለው የሙዚቃ ማሰሚያ ላይ ዮሃን ሮር የተባለ አንድ የአገሩ የሙዚቃ ደራሲ ከ650 በሚበልጡ ስሞች ከ2,700 የሚበልጡ ለስላሳ ሙዚቃዎች አውጥቶ፥ ወደ 15 ቢሊዮን ጊዜ ያህል ተሰምቷል። ሰውዬው ወንጀል ሠራ አንልም፤ ሙዚቃውንም የሠራው ራሱ ነው። ዳሩ ግን ሰሚው ከ650 የሚበልጡ ሙዚቀኞችን የሰማ ሲመስለው አንድ ሰው ብቻ ሰማ፤ ከዝርዝሩም ላይ አንዱ ቦታ በእንዲህ ያለ ስም በተያዘ ቍጥር፥ በእውነተኛ ስሙ የሚሠራው ድኻ ሙዚቀኛ ከበር ውጭ ቀረ። ይህ ሁሉ ሊሆን የቻለው «የማን ነው?» ብሎ የጠየቀ በመጥፋቱ ነው።

በአገራችንም የዚህን ነገር ሁለቱንም ወገን፥ ማለት መረሳቱንም መገኘቱንም፥ አጣምሮ የያዘ ታሪክ አለ። እርሱም የአቶ ኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ ታሪክ ነው።

አቶ ኃይሉ በ1946 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን ተወልደው በልጅነታቸው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ አኮርዲዮንም ያለ አስተማሪ ራሳቸው ተማሩ። ቀደም ባለው ዘመን በከተማው የታወቁት የሙዚቃ ጓዶች የክብር ዘበኛ፥ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ሠራዊት ነበሩ፤ ሙዚቀኛውም የመንግሥት ደመወዝተኛ ነበር። በኋላ በየሆቴሉና በየምሽት ክበቡ የሚጫወቱ ትንንሽ ባንዶች ሲነሡ ደግሞ፥ የሙዚቃ መሣሪያው የቤቱ ባለቤት ንብረት ስለ ሆነ ሙዚቀኛው ከቤቱ ጋራ ታስሮ ይኖር ነበር። ቢጣላ ወይም ደመወዝ ቢያንሰው ባዶ እጁን ይወጣል። የዋልያስ ባንድ ሰዎች ግን ከልዩ ልዩ ቦታ በሠሩት ገንዘብ የገዛ መሣሪያቸውን ገዙ። ይህ ነገር ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ለሙዚቀኛ ግን ለገበሬ የራሱ በሬና ሞፈር እንደ ሆነው ያህል ነው። የሚጫወቱበትን ቦታ፥ የሚጫወቱትንም ነገር ራሳቸው ለመምረጥ የቻሉት ከዚህ የተነሣ ነው።

በሒልተን ሆቴልም ብዙ ዓመት ተጫወቱ። ከ1974 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ የሰዓት እላፊ በተደነገገ ጊዜ ማታ ወደ ክበቡ የገባ ሰው እስኪነጋ ድረስ ወደ ቤቱ ለመመለስ ስለማይችል፥ ባንዱ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር። የዘፈን ግጥም ሁሉ ለሳንሱር በሚቀርብበት በዚያ ዘመን፥ በ1977 ዓ.ም.፥ አቶ ኃይሉና ዋልያስ «ቼ በለው» የተባለውን ያለ ዘፋኝ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ሸክላ አወጡ። አቶ ሙላቱ አስታጥቄም በዚህ ሸክላ ላይ ቪብራፎን ተጫውተዋል። በማግሥቱ ዓመት ደግሞ አቶ ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋራ በግዮን ሆቴል «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለውን ቀዱ። ባለ ቃል ዘፈን በሚወደድበት አገር ቃል የሌለው ሙዚቃ ማውጣት ድፍረት ነበር፤ ብዙ ሰውም የሰማው ዘፋኙ እስኪመጣ ድረስ እንደሚጠበቅበት መግቢያ አድርጎ ነው።

በ1981 ዓ.ም. ዋልያስ ወደ አሜሪካ ሄዶ በየከተማው ከተጫወተ በኋላ እኩሌቶቹ ወደ አገር ሲመለሱ አቶ ኃይሉና ሌሎች ባልደረቦቻቸው እዚያው ቀሩ። በ1985 ዓ.ም. አቶ ኃይሉ በዋሽንግተን ብቻቸውን ሆነው፥ የልጅነታቸውን አኮርዲዮን ከዘመኑ የኤሌክትሪክ ኦርጋን ጋራ እያጣመሩ፥ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ሠሩ። ሁሉንም መሣሪያ የተጫወቱት እሳቸው ናቸው። ካሴቱ በኢትዮጵያ ተሸጠ፤ ከዚያም እንደ ካሴት ሁሉ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አቧራ ጠጣ። አቶ ኃይሉም በሕዝብ ፊት መጫወቱን ትተው ታክሲ ነጂ ሆኑ። ነገር ግን በደለስ አይሮፕላን ማረፊያ ተራቸውን ሲጠብቁ፥ ትንሹን ኦርጋን ከመኪናው ዕቃ ማስቀመጫ አውጥተው በኋላው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይለማመዱ ነበር። በታክሲው የተሳፈረ መንገደኛ ሁሉ የሚነዳው ማን እንደ ሆነ አያውቅም።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በአንድ ጠያቂ ሰው ምክንያት ነው። ሚስተር ብራያን ሺምኮቪትስ የተባለ አሜሪካዊ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካን ካሴቶች እየሰበሰበ ለዓለም ሲያሰማ የቈየ ሰው ነው። ይህ ሰው በባሕር ዳር ከተማ ከአንድ የካሴት ሱቅ ውስጥ «ሸሞንሟናዬን» አገኘ። ወዶት ብቻ አልተወውም፤ ይህ ሰው ማን ነው? በሕይወት አለ? ወዴት ይኖራል? ብሎ ፈለገ። ፈልጎም በዋሽንግተን አገኛቸው። በእሳቸውም ፈቃድ ሥራው በ2013 ዓ.ም. እንደ ገና ወጣ፤ የዚህ ሰው የሥራ ደንብም ትርፉን ከሙዚቀኛው ጋራ እኩል መካፈል ነው። «ቼ በለው» በ2014፥ «ወደ ሐረር ጉዞም» በ2016 ዓ.ም. ተከተሉ። አቶ ኃይሉ በአሜሪካና በአውሮፓ አዳራሾች ለመጫወት ተጠሩ፤ ዕድሜያቸው 70 ካለፈ በኋላም በ2018 ዓ.ም. «ላላ በሉ» የተባለውን አዲስ ሥራ አወጡ።

እኛን የሚያሳፍረን ካሴቱ የተገኘው በባሕር ዳር መሆኑ ነው። በዚያ ሱቅ በር ላይ ስንቱ ሰው በየቀኑ አልፏል! ካሴቱን የገዛውስ ስንት ነው? ቤቱ ወስዶ እንግዳ ሲመጣ ከፍቶታል፥ ቡና ሲፈላ ከፍቶታል፤ ሰውዬው ግን ወዴት ሄዱ ብሎ የጠየቀ ከውቅያኖስ ማዶ እስኪመጣ ድረስ አልተገኘም።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩም ነገር ከዚህ ጋራ ይዛመዳል። እሳቸው በ1923 ዓ.ም. ተወልደው፥ በሕፃንነታቸው ወደ ስዊስ አገር ለትምህርት ሄደው፥ በኋላም መንኵሰው በግሸን ማርያም ዐሥር ዓመት የኖሩ፥ ፒያኖ ተጫዋችና የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። በጎንደር ሳሉ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማሩ ልጆች መጠለያ አጥተው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲያድሩ እያዩ ያዝኑ ነበር፤ የሚሰጡት ገንዘብ ስላልነበራቸው በሙዚቃቸው ሊረዱ ወሰኑ። በ1967 ዓ.ም. በጀርመን አገር ያሳተሙት ሸክላ ገቢም ለበጎ አድራጎት የታሰበ ነበር። ከዚያ በኋላ በኢየሩሳሌም ገዳም ተቀምጠው ከሕዝብ ዐይን ርቀው ሲኖሩ፥ ሙሴ ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» ከተባለው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ተከታታይ እትማቸው 21ኛውን ክፍል በ2006 ዓ.ም. ለእማሆይ ሥራዎች ብቻ ሰጡት። ከዚያ ወዲህ ሙዚቃቸው በውጭ አገር ፊልሞች ውስጥ አጃቢ ሆኖ ይሰማል፤ ለምሳሌ በ2021 ዓ.ም. በወጣው «ፓሲንግ» በተባለው ፊልም ውስጥ። እማሆይ በመጋቢት ወር 2023 ዓ.ም. በ99 ዓመታቸው ዐረፉ። የፊልሙ ተመልካች በመጨረሻ ላይ የሚያልፈውን የስም ዝርዝር ታግሦ ካላነበበ፥ ያ ፒያኖ የአንዲት ኢትዮጵያዊት መነኵሴ መሆኑን ሳያውቅ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ይህ ጉዳይ ደግሞ የጨዋነት ብቻ አይደለም፥ የገንዘብም ነው። በአገራችን የቅጂና የተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410/1996 (ይህ እንደ ኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው) ለደራሲም ለተጫዋችም መብት ይሰጣል። ዳሩ ግን መብቱ የሚደርሰው ስሙ በመዝገብ ለተገኘ ሰው ነው። በሆቴል፥ በመሥሪያ ቤት አዳራሽና በራዲዮ ቀኑን ሙሉ የሚፈሰውን ሙዚቃ ተጫዋቹ ማን እንደ ሆነ ያልመዘገበ ሰው፥ ለማን ሊከፍል ይችላል? ሕግ አውጪው የቻለውን አድርጓል፤ የቀረው የመዝጋቢው ብዕር ነው።

ለሰሚውም ቢሆን መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከሸክላው ላይ የዘፋኙን ስም ብቻ ሳያነቡ የአጃቢዎቹንም ማንበብ ነው። የአቶ ማሕሙድ አሕመድን «ኤረ መላ መላ» የማያውቅ የለም፤ ያጀባቸው አይቤክስ ባንድ መሆኑን የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። ከአይቤክስ ወደ ሮሃ፥ ከዋልያስ ወደ ዳህላክ እየተከታተለ የሄደ ሰው በአንድ ወር ውስጥ የማያልቅ ሀብት ያገኛል።

ወደዚያው መሥሪያ ቤት በሁለተኛው ሳምንት ለቀረው ጉዳያችን ተመልሰን ነበር። ጸሐፊው በጠረጴዛው ጥግ ላይ አንዲት ወረቀት ለጥፎ አገኘነው፤ በዚያም ሳምንት ከሰማቸው ውስጥ የሰባት ሙዚቀኞች ስም ከነአገራቸው ተጽፎባታል። በስምንተኛው መስመር ላይ የሙዚቃው አርእስት ብቻ ነበረ፤ የባለቤቱን ስም ቢፈልግ አጥቶት ቦታውን ባዶ ትቶታል።