ስትሮክ፣ ሰዓት እና የሕግ ሚዛን

በራያ ቆላ፣ ከቆቦ ከተማ ወጣ ባለ መንደር የሚኖር አንድ ገበሬ በዓይነ ሕሊናችን እንሣል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ወደ ማሽላ እርሻው ሊሄድ ሲነሣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ይለዋል፤ አፉ ይጣመማል፤ አንደበቱ ይተሳሰራል። ቤተሰቡ «ምች ነው» ብሎ ጥቂት ይጠብቃል። ጤና ተቋም ሲደርስም አካባቢው ወባማ ነውና የወባ ምርመራ ብቻ ተደርጎለት ያድራል። ሕመሙ ስትሮክ መሆኑ የሚታወቀው በማግሥቱ ነው። ቤተሰቡ «በጊዜው ቢታወቅ ኖሮ ይድን ነበር» ብሎ ቢከስ፣ ፍርድ ቤቱ ምን ምን ሊመረምር ይገባዋል?

የሕክምናው ሰዓት

ስትሮክ ለአንጎል ደም የሚያደርሱ ሥሮች ሲደፈኑ ወይም ፈንድተው ሲደሙ የሚከሠት አደጋ ነው። ከፍተኛ የደም ግፊት ለሁለቱም ዋነኛ መንሥኤ ነው። አንድ ትልቅ የአንጎል ደም ሥር ሲደፈን በየደቂቃው 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሕዋሳት እንደሚሞቱ በ2006 እ.ኤ.አ. የወጣ ስሌት ያመለክታል። አልቴፕሌዝ የተባለው የረጋ ደም አሟሚ መድኃኒት ሕመሙ በጀመረ በ3 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ እንደሚጠቅም በ1995 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ ጥናት አሳየ፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ገደቡን ወደ 4 ሰዓት ተኩል አሰፋው። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ለሚደማ አንጎል እጅግ አደገኛ ነው። ሁለቱን የስትሮክ ዓይነቶች በምልክት ብቻ በእርግጠኝነት መለየት ስለማይቻል አስቀድሞ በሲቲ ስካን መመርመር ግድ ይሆናል።

እንግዲህ ገበሬያችን እስከ ረፋዱ 5 ሰዓት ተኩል ተጉዞ፣ ተመርምሮ፣ መድኃኒቱን መውሰድ ነበረበት። ከቆቦ ወልድያ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከወልድያ ደሴ ደግሞ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መድኃኒቱ በአዲስ አበባ እንኳ በሁሉም ሆስፒታል አይገኝም።

ጥፋት የሚባለው የቱ ነው?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል። በሳይንስ የታወቀውንና የሙያው ሰዎች የተቀበሉትን በቸልተኝነት የጣሰ ኀላፊ ይሆናል። ሐኪም ግን በጽሑፍ ካልተዋዋለ በስተቀር ለፈውስ ዋስ አይደለም። ከውል ውጭ የሚቀርብ የካሳ ክስም በመርሕ ደረጃ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ ደግሞ በቸልተኝነት ሰው መግደልንና አካል ማጉደልን ይቀጣል።

ከዚህ አኳያ በተቋሙ ሲቲ ስካን አለመኖሩ ብቻውን የሐኪሙ ጥፋት ሊባል አይችልም። ነገር ግን ፊትን፣ ክንድንና ንግግርን መፈተሽ፣ የደም ግፊትን መለካት፣ ስትሮክ የሚያስመስለውን የደም ስኳር ማነስ መመርመር፣ መዋጥ መቻሉን ሳያረጋግጡ አለማጉረስ፣ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት መመዝገብና በፍጥነት ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል መላክ ውድ መሣሪያ አይጠይቁም። ምርመራው ሊጠየቅ የሚገባው በእነዚህ ላይ ነው።

ጥፋቱና ጉዳቱ

ጥፋት ቢረጋገጥ እንኳ ጉዳቱን ያመጣው እርሱ መሆኑ መታየት አለበት። በ1995ቱ ጥናት መድኃኒቱን ካገኙት 100 ሕሙማን 39ኙ፣ ካላገኙት ደግሞ 26ቱ ከሦስት ወር በኋላ ያለ ጉልህ የአካል ጉዳት ተገኝተዋል። በቀላል ስሌት 26ቱ ያለ መድኃኒቱም ያገግሙ ነበር፤ 61ዱ መድኃኒቱን ወስደውም እዚያ ደረጃ አልደረሱም፤ ልዩነት ያየነው በ13ቱ ላይ ነው። ገበሬያችን በጊዜው ደርሶ ቢሆን ኖሮ ከየትኛው ወገን ይሆን ነበር? ይህን በእርግጠኝነት የሚናገር ሐኪም የለም።

በዚህ ጉዳይ አገሮች ይለያያሉ። የእንግሊዝ የመጨረሻ ፍርድ ሰሚ አካል በ2005 እ.ኤ.አ. በዘገየ የካንሰር ምርመራ ምክንያት የመዳን ዕድሉ ከ42 ወደ 25 በመቶ የወረደበትን ሰው የዕድል ካሳ ነፍጎታል። የእኛን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት የሬኔ ዳቪድ አገር የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች ግን የጠፋውን ዕድል ራሱን እንደ ጉዳት ቈጥረው በመጠኑ ካሳ ይፈርዳሉ።

ለቆቦው ገበሬ ግን ሌላም ዕድል ነበረው። በተደራጀ የስትሮክ ክፍል የሚሰጥ ክትትል ሞትንና የአካል ጉዳትን እንደሚቀንስ በብዙ ጥናቶች ተረጋግጧል፤ ይህም ጥቅም በ4 ሰዓት ተኩል የታጠረ አይደለም። ትንታ ከሚያስከትለው የሳንባ ምች መጠበቅና ቶሎ እንቅስቃሴ ማስጀመር የዚህ ክትትል ክፍሎች ናቸው። ያደረው ሌሊት ያሳጣው ይህን ነው።

ስለዚህ ቤተሰብ ሕመምተኛው ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ይያዝ፤ ባለሙያም ያየውንና ያደረገውን ከነሰዓቱ ይጻፍ። ያ ሰዓት በመጀመሪያ ሕመምተኛውን ለማዳን ያገለግላል። ክስ ቢመጣም ያለ ጥፋቱ የተከሰሰውን ሐኪም ነጻ የሚያወጣው፣ የተበደለውንም ቤተሰብ እውነት የሚያስረዳው ያው መዝገብ ነው።