ሳይመረምሩ መርዳት

ባለመድኃኒት ሕመሙን ሳይጠይቅ ሥር ቢያጠጣ፥ ሐሳቡ በጎ ቢሆንም በሽተኛውን ይጎዳል። ችግረኛን መርዳትም እንዲሁ ነው። በአዲስ ከተማ መርካቶ ዕቃ እየተሸከመ የሚተዳደረውን ልጅ አይተን «ወደ አገሩ ይመለስ» ብንል ፍርዳችን የችኮላ ነው። ከአገሩ ያወጣው የመሬት ጥበት ወይም የአባት ሞት እንደ ሆነ አልጠየቅንምና፥ ምክንያቱ ሳይወገድ ቢመለስ ዳግመኛ ይመጣል።

መጠየቅም ሥርዓት አለው። ልጁን በአሠሪው ፊት የጠየቀ የፍርሃትን መልስ ይጽፋል፤ በቀን ብቻ የቈጠረ በበረንዳ የሚያድሩትን ከሌሎቹ አይለይም፤ ሸማ ተራን ብቻ ያየ ስለ ምናለሽ ተራ ሊመሰክር አይችልም። ስለዚህ መርማሪው የልጁን ፈቃድ ጠይቆ፥ ስሙን ሠውሮ፥ የእድሩን ዳኛና ነጋዴውንም ሰምቶ ቃላቸውን ሊያስተያይ ይገባዋል።

በአዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1959 ተከፍቶ፥ በደርግ ዘመን ተዘግቶ፥ በ2004 በዩኒቨርሲቲው ዳግመኛ ተከፍቷል፤ ከሚያስተምራቸውም አንዱ ይህ የምርመራ ዘዴ ነው። ጻድቁ ኢዮብም ድኆችን ሲረዳ የማያውቀውን ጉዳይ ይመረምር ነበር። እንግዲህ ሹማምንት ሆይ፥ ከማዘዛችሁ በፊት የተመረመረውን ጠይቁ፤ ካህናትም የንስሐ ልጆቻችሁን ደጅ ለመርማሪው አስከፍቱለት።