አልነሳ ያለን ትራክተር ችግር ለይቶ ስለማወቅ

መግቢያ

በአርሲና በባሌ ደጋማ ቦታዎች ስንዴ የሚዘራበት ጊዜ አጭር ነው። ዝናቡ በሰኔ ጠንክሮ ሲገባ ጥቁሩ መሬት ውሃ ጠጥቶ ትራክተር የማያስገባበት ቀን ሩቅ አይሆንም። በመካከሉ ያለው ጥቂት ቀን ከባከነ፣ ዘግይቶ የተዘራው ስንዴ ገና ፍሬ በመሙላት ላይ ሳለ ዝናቡ ሊቋረጥበት ይችላል። ስለዚህ በማለዳ ቁልፉ ሲዞር ዝም ያለ ትራክተር የመካኒክ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአዝመራም ጉዳይ ነው። ይህን ጽሑፍ መካኒክ ሳይሆን የሰብል ባለሙያ ያዘጋጀውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በ2014 ዓ.ም. በሰኔ ወር ጸሐፊው ለዘር ብዜት በተዘጋጀ ማሳ ዳር አንድ ትራክተር አራት ቀን ቆሞ ተመልክቷል። በመጀመሪያው ቀን ባትሪው ሞቷል ተብሎ አዲስ ባትሪ ተገዛ፤ ትራክተሩ ግን አልተነሳም። ቀጥሎም ሞተሪኖው ተቃጥሏል ተባለና ተፈትቶ ወደ ከተማ ተላከ፤ ደህና ነው ተብሎም ተመለሰ። በአራተኛው ቀን የመጣው መካኒክ ከባትሪው ወደ ትራክተሩ አካል የሚሄደውን የኔጌቲቭ ገመድ ጫፍ ፈታ፣ ዝገቱን በቢላዋ ፋቀ፣ መልሶም አጠበቀ። ትራክተሩ ወዲያው ተነሳ። ይሁን እንጂ በዚያው ሌሊት ከባድ ዝናብ ስለጣለ ወደ ማሳው ለመግባት ሌላ ስምንት ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ።

በዚህ ሁኔታ የጠፋው ገንዘብና ጊዜ ዕቃ ከመለወጥ በፊት ምክንያቱ ባለመፈለጉ የጠፋ ነው። ፍለጋው ደግሞ ብዙ መሣሪያ አይጠይቅም። አንድ ጥያቄ በትክክል ከተመለሰ ሥራው በግማሽ ይቀላል፤ ይኸውም «ሞተሩ ይዞራል ወይስ አይዞርም?» የሚለው ነው። እዚህ ላይ «ይዞራል» ስንል ሞተሪኖው ሞተሩን ሲያሽከረክረው ማለታችን ነው። «ተነሳ» የሚባለው ግን ሞተሩ ናፍጣውን አቃጥሎ በራሱ ጉልበት ሲሠራ ነው። ሞተሩ ጨርሶ የማይዞር ወይም በዝግታ የሚዞር ከሆነ ጉድለቱ በኤሌክትሪኩ በኩል ይፈለጋል። በደህና ፍጥነት እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉድለቱ የናፍጣ ወይም የአየር ነው። ናፍጣ ያልደረሰውን ሞተር በአዲስ ባትሪ ማስነሳት አይቻልም።

ቁልፍ ከመፍታት በፊት

አስቀድሞ የእጅ ፍሬኑ መያዙን፣ ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑንና ፒቲኦው አለመግባቱን ማየት ይገባል። በብዙ ትራክተሮች ላይ ማርሽ ገብቶ ወይም ፍሪሲዮን ሳይረገጥ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚከለክል መቁረጫ አለ። ይህ መቁረጫ በጭቃ ወይም በእርጥበት ሲበላሽ ማርሹ ዜሮ ላይ እያለም ትራክተሩ ዝም ይላል። በዚህ ጊዜ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ የማርሹን ዘንግ ወዲያና ወዲህ እያንቀሳቀሱ ቁልፉን መሞከር ነው። ከዚህም ሌላ አንዳንድ ትራክተሮች የባትሪውን መስመር በሙሉ የሚዘጋ ማብሪያና ማጥፊያ ስላላቸው ማታ የዘጋው ሰው ጠዋት መክፈቱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ነገሩ የሚያስቅ ቢመስልም ለዚህ ብቻ መካኒክ ከከተማ የተጠራበት ጊዜ አለ።

ሞተሩ የማይዞር ከሆነ

መብራቱ ስለበራ ባትሪው ደህና ነው ማለት ብዙ ነጂዎችን የሚያሳስት አነጋገር ነው። የፊት መብራት ጥቂት አምፔር ብቻ ሲወስድ ሞተሪኖው ግን ሥራ ሲጀምር በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ይፈልጋል። ለጓሮ ጎመን የበቃ የቦይ ውሃ ሙሉ ማሳ እንደማያጠጣ ሁሉ ለመብራት የበቃ ኤሌክትሪክም ለሞተሪኖ ላይበቃ ይችላል። ይሁን እንጂ መብራቱ ጥሩ መመርመሪያ ይሆናል። የፊት መብራቱ በርቶ አንድ ሰው እየተመለከተው ሌላው ቁልፉን ያዞራል። መብራቱ ፈጽሞ ከጠፋ ወይም በጣም ከደከመ ባትሪው ባዶ ነው፣ ወይም ከባትሪው የሚነሱት ወፋፍራም ገመዶች ጫፋቸው ላልቷል ወይም ዝጓል። መብራቱ ምንም ሳይለወጥ ሞተሪኖው ዝም ካለ ግን ኤሌክትሪኩ ወደ ሞተሪኖው አልሄደም ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚጠረጠሩት ፊውዙ፣ የቁልፉ ቤት፣ ከላይ የተጠቀሰው የማርሽ መቁረጫና ወደ ሞተሪኖው የሚሄደው ቀጭን ሽቦ ናቸው።

ድምፁም ይናገራል። ጠቅ ጠቅ ጠቅ የሚል ፈጣን ድምፅ ሲሰማ አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ደክሟል ወይም የገመዱ ጫፍ በደንብ አልያዘም። አንድ ጠንካራ ጠቅታ ብቻ ተሰምቶ ከቆመ ሞተሪኖው ራሱ ሊበላሽ፣ ጥርሱ ሊነክስ ወይም ሞተሩ ሊነክስ ይችላል። ነገሩ ይህን የመሰለ ከሆነ ደጋግሞ መሞከር ጉዳት ስለሚያመጣ መካኒክ መጠበቅ ይሻላል።

ገመዶቹን ለመመርመር ቀላሉ ዘዴ እጅ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞከረ በኋላ ቁልፉ ተዘግቶ የገመዶቹ ጫፎች በጥንቃቄ ይዳሰሳሉ። ከሌሎቹ ተለይቶ የሞቀው ጫፍ ኤሌክትሪኩ የታነቀበት ቦታ ነው። በዚህ ጊዜ ባትሪው ላይ ያሉትን ሁለት ጫፎች ብቻ አይቶ ማቆም አይገባም፤ የኔጌቲቩ ገመድ ከትራክተሩ አካል ጋር በቡሎን የታሰረበትና ፖዘቲቩ ሞተሪኖው ላይ የታሰረበት ቦታም መታየት አለበት። የዘር ማሳውን ትራክተር አራት ቀን ያቆመው ከባትሪው ርቆ፣ ጭቃ ሸፍኖት ማንም ያላየው ጫፍ ነበር።

ዝገቱን ለማጽዳት መጀመሪያ ኔጌቲቩን ገመድ መፍታት፣ ሲመለስም በመጨረሻ እሱን ማሰር ያስፈልጋል። በባትሪው ራስ ላይ የሚታየው ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ለብ ያለ ውሃ ይታጠባል፤ ውሃው ወደ ባትሪው ውስጥ እንዳይገባ ክዳኖቹ መዘጋት አለባቸው። ከዚያም ጫፎቹ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቀው በጥብቅ ይታሰራሉ፤ ከላይም ቫዝሊን ወይም ግራሶ ይቀባሉ።

ቴስተር ያለው ሰው ባትሪውን መለካት ይችላል። ጥቂት ሰዓት ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ 12 ቮልት ላይ የወረደው ባዶ ለመሆን ተቃርቧል። ሞተሪኖው ሲዞር ከ9 ተኩል ቮልት በታች የሚወርድ ከሆነ ቻርጅ ተደርጎ እንደገና መመርመር አለበት። ክዳኑ በሚከፈት ባትሪ ላይ የአሲድ መለኪያ ይበልጥ ይረዳል፤ ሙሉ ሲሆን 1.26 እስከ 1.28 ይነበባል። አምስቱ ቤቶች ደህና ሆነው አንዱ ብቻ በጣም ዝቅ ካለ ያ ባትሪ ቻርጅ ቢደረግም አይቆይም። ውሃው ከጎደለ የሚጨመረው የተጣራ የባትሪ ውሃ እንጂ የወንዝ ውሃ ወይም አሲድ አይደለም። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ በማግስቱ እንደገና ከደከመ ደግሞ ከመለወጡ በፊት የዲናሞው ቺንጊያ መላላቱ ይታይ። ሞተሩ ተነስቶ በባትሪው ላይ የሚለካው ወደ 14 ቮልት ካልተጠጋ ጥፋቱ የባትሪው አይደለም።

ሕይወት ስለሚያጠፉ አጉል ዘዴዎች

በገጠር ከሚታዩት ዘዴዎች ሁሉ የከፋው የሞተሪኖውን ሁለት ራሶች በካቻቢቴ አገናኝቶ ማስነሳት ነው። ይህ ሲደረግ የማርሹ መቁረጫ ታልፎ ይሄዳል። ማርሹ ገብቶ ከነበረ ትራክተሩ ሞተሩ እንደተነሳ ይንቀሳቀሳል፤ ካቻቢቴውን የያዘው ሰው የሚቆመው ደግሞ ከትልቁ የኋላ ጎማ ፊት ነው። ለመሸሽ ጊዜ የለውም። በዚህ ዓይነት ሰዎች በብዙ አገር ሞተዋል። ስለሆነም ትራክተር መነሳት ያለበት ነጂው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ብቻ ነው።

ከሌላ መኪና ባትሪ ኤሌክትሪክ ሲወሰድ አስቀድሞ ቮልቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ትራክተሮች 12 ቮልት ሲሆኑ ብዙ የጭነት መኪናዎች ግን 24 ቮልት ናቸው፤ ሁለቱን ማገናኘት የትራክተሩን ዕቃ ከማቃጠሉም በላይ ባትሪውን ሊያፈነዳ ይችላል። ቮልቱ አንድ ከሆነ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ጋር ይገናኛል፤ የኔጌቲቩ ገመድ መጨረሻ ግን ከደከመው ባትሪ ራቅ ባለ የትራክተሩ ብረት ላይ ይያዛል። ባትሪ የሚያወጣው ጋዝ በእሳት ፍንጣሪ ስለሚፈነዳ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስና ክብሪት መጫር ክልክል ነው።

ሞተሩ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ

አስቀድሞ የማጥፊያው ዘንግ ይታይ። በብዙ አሮጌ ትራክተሮች ላይ ሞተሩ የሚጠፋው ዘንግ ወይም ገመድ ተስቦ ናፍጣው ሲቆረጥ ነው። ማታ የተሳበው ካልተመለሰ ሞተሪኖው ቀኑን ሙሉ ቢያዞረው ሞተሩ አይነሳም። በአዳዲሶቹ ላይ ይህን የሚሠራው ኤሌክትሪክ ስለሆነ ቁልፉ ሲከፈት ከናፍጣ ፖምፓው አካባቢ የምትሰማውን ትንሽ ጠቅታ ማዳመጥ ነው፤ ጠቅታዋ ከጠፋች ፊውዙንና ሽቦውን ማየት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የጭስ ማውጫውን መመልከት ይገባል። ጭስ ፈጽሞ የማይታይ ከሆነ ናፍጣው ወደ ሞተሩ አልደረሰም። ነጭ ጭስ ከታየ ናፍጣው ደርሷል፣ ነገር ግን አልተቀጣጠለም። እንዲህ የሚሆነው በብርድ፣ በዝግታ በመዞር፣ ማሞቂያ ካንዴላው ባለመሥራቱ ወይም በሞተሩ እርጅና ነው። ጥቁር ጭስ ካለ የአየር ማጣሪያው ተደፍኖ ይሆናል።

በዝግታ መዞር ያልነው በደጋ አገር ልዩ ትኩረት ያሻዋል። የናፍጣ ሞተር በሻማ ሳይሆን በተጨመቀ አየር ሙቀት የሚቀጣጠል ነው። ቁሉምሳን በመሰለ 2,200 ሜትር ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ላይ የኅዳርና የታኅሣሥ ማለዳ ብርድ ሲጨመርበትና ባትሪው ሲደክም፣ ሞተሩ ቢዞርም የሚፈለገው ሙቀት አይገኝም። ያን ጊዜ በቤንዚን የተነከረ ጨርቅ በአየር መሳቢያው ላይ መያዝ ሞተሩን ሊሰብር፣ ሰውንም ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ባትሪውን ማጠናከርና ማሞቂያ ካለው የተወሰነለትን ያህል መጠበቅ ነው። ሞተሪኖውም በአንድ ጊዜ ከ15 ሴኮንድ በላይ መዞር የለበትም፤ ሁለት ደቂቃ ያህል ካረፈ በኋላ ይደገማል።

አየር የገባበትን መስመር ስለማጽዳት

ጭስ ካልታየና ጋኑ ናፍጣ ካለው ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ በመስመሩ ውስጥ የገባ አየር ነው። ይህ የሚደርሰው ናፍጣ ጨርሶ ሲያልቅ፣ ማጣሪያው ሲለወጥ ወይም ከጋኑ የሚመጣው ጎማ ሲሰነጠቅ ነው። በዚያ በኩል ናፍጣው የሚሳብ እንጂ የሚገፋ ስላልሆነ ስንጥቁ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊስብ ይችላል። በመሆኑም ደረቅ የሆነ ሁሉ ደህና አይደለም።

አየሩን ለማስወጣት በማጣሪያው ራስ ላይ ያለችው ትንሽ ቡሎን ትላላና የእጅ ፖምፓው ይመታል። መጀመሪያ አረፋ ይወጣል፤ አረፋው አልቆ ንጹሕ ናፍጣ ብቻ ሲፈስ ፖምፓው እየተመታ ቡሎኗ ትጠብቃለች። እንደዚሁ በዋናው የናፍጣ ፖምፓ ላይ ባለችው ቡሎን ይደገማል። የእጅ ፖምፓው ቢመታም ምንም ካልመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ የጋኑን መዝጊያ፣ የተደፈነ ማጣሪያና የጋኑን ክዳን የአየር ቀዳዳ መመርመር ነው። ተነስቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚጠፋ ትራክተር የጋኑ ክዳን ሲላላ መሥራቱን ከቀጠለ ጥፋቱ የዚያች ቀዳዳ ነው።

በአሮጌ ሞተሮች ላይ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚሄዱት የቀጫጭን ቧንቧዎች ዳዶ በግማሽ ዙር ተላልቶ የቀረው አየር ሞተሩ ሲዞር ይወጣል። ነገር ግን እጅን ወደዚያ ማቅረብ አይገባም፤ በከፍተኛ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም በአስቸኳይ ሐኪም ቤት መድረስ ያስፈልጋል። በኮምፒዩተር በሚታዘዙት አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን እነዚህን ዳዶዎች ፈጽሞ አለመንካት ነው።

ከበርሜል የሚቀዳ ናፍጣ ሌላው የችግር ምንጭ ነው። በዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚያድር በርሜል ራሱ ላይ ውሃ ያቁራል፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝም ያንን ውሃ በክዳኑ ዙሪያ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ በርሜሉን በመጠለያ ሥር ጋደም አድርጎ ማስቀመጥ፣ ተጓጉዞ የመጣውንም ሳይነካ አንድ ቀን አሳድሮ ከታች ያለውን ዝቃጭ ሳያናውጡ መቅዳት ይጠቅማል። የትራክተሩን ጋን ማታ ሥራ ሲያልቅ መሙላትም ሌሊቱን በባዶው ጋን ውስጥ የሚፈጠረውን ጤዛ ይቀንሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ትራክተሩ ካልተነሳ ወደ መካኒኩ ሲደወል «አልነሳ አለ» ብሎ መተው በቂ አይደለም። ሞተሩ ይዞር እንደሆነ፣ በምን ፍጥነት እንደሚዞር፣ መብራቱ ምን እንደሆነ፣ የጭሱ ቀለም ምን እንደሚመስልና ማጣሪያው ላይ አረፋ መታየት አለመታየቱ ቢነገረው የሚያስፈልገውን ዕቃ ይዞ በአንድ ጉዞ ሊመጣ ይችላል።