የተበላ የብሎን ጥርስ

የተበላ የብሎን ጥርስ በብሎን ላይ ወይም ብሎኑ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ጥርስ ሲሸራረፍ ወይም ሲጨፈለቅ የሚፈጠር ጉዳት ነው። በሞተር ጥገና ጊዜ ደጋግሞ ያጋጥማል። ጥርሱ የተበላ ብሎን ይዞራል እንጂ አይጠብቅም፤ በዚህ ምክንያት በቴስታታውና በብሎኩ መካከል ጋዝ፣ ዘይት ወይም ውኃ ሊያፈስ ይችላል።

መንስኤ

ዋናው መንስኤ ከልክ በላይ ማጥበቅ ነው። ብሎኑን በእጅ ሳያስጀምሩ በቁልፍ ማስገደድም ተጣሞ እንዲገባ ያደርገዋል። ውፍረታቸው እኩል የሆነ ብሎኖች የጥርሳቸው ርቀት (ፒች) ሊለያይ ይችላል፤ ለምሳሌ ባለ 10 ሚሊሜትር ብሎን ፒቹ 1.5 ወይም 1.25 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። አንዱን በሌላው ቦታ ማስገባት ጥርሱን ይበላዋል።

የብዙ ሞተሮች ቴስታታ ከአሉሚኒየም ይሠራል። አሉሚኒየም ከብረት ስለሚለሰልስ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎዳው የቀዳዳው ጥርስ ነው። ካንዴላም ሞተሩ ሳይበርድ ቢፈታ የቴስታታውን ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።

ጥገና

በመጀመሪያ ጉዳቱ የብሎኑ ነው ወይስ የቀዳዳው የሚለው ይለያል። የብሎኑ ከሆነ መጠኑ፣ ፒቹና ጥንካሬው እኩል በሆነ አዲስ ብሎን ይተካል። የቀዳዳው ከሆነ እንደ ጉዳቱ መጠን ይጠገናል፦

• በጥቂቱ የተጎዳ ጥርስ፦ ልኩ ትክክል በሆነ ታፕ ይስተካከላል። ታፑ ዘይት ተቀብቶ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ፍቅፋቂው እንዲሰበርም በየመሀሉ ወደ ኋላ ይመለሳል።
• ጨርሶ የተበላ ጥርስ፦ ቀዳዳው ሰፍቶ ሄሊኮይል የሚባል ጠመዝማዛ የብረት ሽቦ ይገባበታል። ለባለ 8 ሚሊሜትር ብሎን (ፒቹ 1.25) ቀዳዳው በ8.3 ሚሊሜትር ይሰረሰራል፤ ቀጥሎ በሄሊኮይሉ ታፕ አዲስ ጥርስ ይወጣለታል። ከዚያ በኋላ የቀድሞው መጠን ያለው ብሎን ይገባል። በአሉሚኒየም ላይ ይህ ጥርስ ከመጀመሪያው ሊጠነክር ይችላል።
• ለሄሊኮይል የማይበቃ ሰፊ ጉዳት፦ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ቡሽ በቶርኖ ተሠርቶ ይገባበታል።

በቶርኖ መለዋወጫ መሥራት በድሬዳዋ የቆየ ሙያ ነው። ባቡር በ1895 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1902) ወደ ከተማዋ ከደረሰ በኋላ የምድር ባቡሩ ትልቅ የጥገና ወርክሾፕ በዚያው ተቋቁሟል።

ጥንቃቄ

ፍቅፋቂ ወደ ሲሊንደር እንዳይገባ ታፑ በግሪስ ይቀባል። መጨረሻው ዝግ በሆነ ቀዳዳ ውስጥ ዘይት ወይም ውኃ ከቀረ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ስለዚህ ቀዳዳው አስቀድሞ ይጸዳል፣ ይደርቃል። በመጨረሻም ብሎኑ አምራቹ በወሰነው ልክ በቶርክ ሬንች ይጠብቃል። የተበላውን ጥርስ በማጣበቂያ ወይም በክር ጠቅልሎ ማለፍ የቴስታታን ግፊትና ሙቀት አይችልም፤ በርካሽ ሊጠገን የሚችለውን ጉዳትም ቴስታታውን እስከ መቀየር ሊያደርሰው ይችላል።