ውሻ ሲነክስህ ሞባይልህ ምን ይሠራል?

«ቀጠሮዬ ገና ነው፤ ስልኬ ይጠራኛል!»

እንዲህ ያለው ማታ ከሥራ ሲመለስ የሰፈር ውሻ ባቱን የነከሰው የአዲስ አበባ ልጅ ነው። ጓደኞቹ ቁስሉን በሞባይል አንስተው ተሳሳቁ። ታላቅ እህቱ ግን ጎትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ክትባቱን ጀመረ። ካርዱ ላይ ቀጣዩ ቀጠሮ ጥቅምት 12 ተብሎ ተጻፈ። እሱም አላርሙን 12 ላይ ሞላ። የስልኩ ቀን አቆጣጠር ግን የፈረንጅ ነበር! ጥቅምት 12 ማለት በዚያ ዓመት ኦክቶበር 22 ነው። ስልኩ የጠበቀው ኖቬምበር 12ን ነው። ቀጠሮው አልፎ ልጁ ካርታ ይጫወታል!

ወዳጄ፣ በእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ የለም። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59 ሺህ ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተላልፈውም ውሻ ነው። ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት አድፍጦ ይቆያል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ግን መዳን የለም ማለት ይቻላል። ቁስሉ ስለደረቀ «ድኛለሁ» ማለት ራስን ማታለል ነው።

ሞባይል በዚህ ነገር ቁም ነገር እንደሚሠራ ታንዛኒያዎች አሳይተዋል። በደቡብ ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የጤናና የእንስሳት ሕክምና ሠራተኞች የተነከሰውን ሰው፣ የተሰጠውን ክትባትና የተከተበውን ውሻ በተራ ሞባይል ማሳወቅ ጀመሩ። ዘመናዊ ስልክ እንኳን አላስፈለጋቸውም።

አንተስ? መጀመሪያ ስልኩን 15 ደቂቃ ላይ ሙላውና አስቀምጠው። እስኪጮህ ድረስ ቁስሉን በሚወርድ ውሃና በሳሙና እጠብ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ጤና ጣቢያ! ጭረትም ቢሆን «ይቅር» አትበል።

የውሻው ባለቤት ከታወቀ ቁጥሩን ያዝ። ውሻው ከነከሰህ በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሲነክስህ በሽታውን አያስተላልፍም ነበር ማለት ነው። ባለቤቱን ደውለህ ጠይቅ፤ የሰማኸውን ለሐኪሙ ንገር። ውሻው እስኪታወቅ ብለህ ግን ክትባቱን አታዘግይ። ፎቶ አነሳለሁ ብለህም የማታውቀውን ውሻ አታሳድድ፤ ሁለተኛ ንክሻ ይተርፍሃል።

ካርድህን ፎቶ አንሳው። የቀጠሮህን ቀን በኢትዮጵያም በፈረንጅም አስልተህ፣ እዚያው ነርሷ ፊት ሙላው። ሰዓቱንም አትርሳ፤ ጠዋት 3 ሰዓት ስልኩ ላይ 9 ነው።

ልጃችንን ያዳነው ስልኩ አይደለም። «ሁለተኛውን ተወጋህ ወይ?» ብላ ከ4 ቀን በኋላ የጠየቀችው እህቱ ናት። አፍሮ ሄደ፤ ክትባቱን ቀጠለ፤ ጨረሰም። ቀጠሮ ቢያልፍህ እንደሱ ዛሬውኑ ሂድ። አላርሙን ሙላ፤ ለእህትህም ንገራት!