መጽሐፉ አልገለጥ ሲል

በፈተና ሰሞን አንድ ተማሪ በእጅ በሚያዘው የንባብ መሣሪያ ላይ መጽሐፉን ቢገልጥና በአማርኛ ፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረው ቢያገኝ መደንገጡ አይቀርም። ብዙዎችም «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብለው ወዲያው ይደመስሱታል። እኛ ግን አንባቢዎቻችን ጥቂት እንዲታገሡ እንመክራለን፤ ሳጥን የሚታይበት መጽሐፍ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነውና። የጎደለው የመሣሪያው ፎንት ነው። በአዳዲሶቹ ኪንድሎች ውስጥ ለፎንት የተመደበ ማኅደር ስላለ፣ በነጻ የሚገኘውን አቢሲኒካን በዚያ ቀድቶ ከንባቡ ገጽ ላይ መምረጥ ነው።

ከዚህ የሚከፋው አማርኛው የላቲን ዝባዝንኬ ሆኖ ሲታይ ነው። ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝን ፊደል ከማስገባቱ በፊት፣ ፎንት ሠሪዎች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደሎች ቦታ ያስቀምጡ ነበር። ቦታው ከ256 አይበልጥም፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻቸውን 231 ይሆናሉና ጥበቱን መገመት አያስቸግርም። ሠሪዎቹም በየራሳቸው ሥርዓት ስለ ደለደሏቸው የአንዱ ጽሑፍ በሌላው ፎንት አይነበብም። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው የቆየ ሰነድም ይኸው ጣጣ አለበት። መድኃኒቱ አዲስ ፎንት መጨመር ሳይሆን ጽሑፉን በኮምፒዩተር ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው።

መሣሪያው ጨርሶ «አልከፍትም» ሲል ግን ነገሩ ሌላ ነው። ኢፐብ የሚባለው ፋይል በአንድ ከረጢት የታሰሩ የብዙ ትንንሽ ፋይሎች ስብስብ ነው፤ የከረጢቱ ማውጫ የሚገኘውም በመጨረሻው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔቱ ተቋርጦ ጫፉ የቀረ እንደ ሆነ፣ አብዛኛው ቢደርስም መሣሪያው ምን የት እንዳለ አያውቅም። መጠኑን ከዋናው ጋር ማስተያየትና ካነሰ እንደ ገና ማውረድ ነው። የስሙን ጭራ ከፒዲኤፍ ወደ ኢፐብ ቀይረው ፋይሉን ያዳኑ የሚመስላቸውም አሉ፤ የጠርሙሱ ወረቀት ቢለወጥ በውስጡ ያለው ጠላ ጠጅ አይሆንም።

ኪንድል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። አማዞን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በኢንተርኔት የተላከለትን ኢፐብ በሚስማማው ዓይነት ለውጦ ወደ መሣሪያው ያደርሳል፤ ያንኑ ፋይል በሽቦ ቢቀዱት ግን ከመጻሕፍቱ ዝርዝር ውስጥ አይታይም። በሽቦ በሚቀዱበትም ጊዜ ቅጂው ሳያልቅ መንቀል አይገባም። ዋናውን ፋይል በኮምፒዩተር ወይም በፍላሽ አኑሮ፣ ሙከራውን ሁሉ በቅጂው ላይ ማድረግ ነው።