የነዳጅ ቧንቧና የገበሬው ናፍጣ

ካርቱም፤ በገዳሪፍ ሜዳ ማሽላና ሰሊጥ የሚዘራ ገበሬ የክረምቱ ዝናም ሲጥል ለትራክተሩ ናፍጣ ባያገኝ፥ የዘር ጊዜው ያልፍበታል። በዓባይ ዳር እርሻውን በፓምፕ የሚያጠጣውም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ነዳጅ የሚመላለስበት መንገድ የመሐንዲሶች ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የእህል ዋጋም ጉዳይ ነው።

ከፖርት ሱዳን እስከ ካርቱም የተዘረጋው 815 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም የተጣራ ነዳጅ ቧንቧ የተሠራው በ1977 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1999 ድፍድፍ ዘይት ከሄግሊግ ወደ ፖርት ሱዳን የሚወስደው፥ 1,600 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቧንቧ ሥራ ጀመረ። በ2000 ከካርቱም በስተሰሜን በጃይሊ ማጣሪያ ተከፈተ፤ በ2006ም ከፓሎች የሚነሣው ቧንቧ ተጨመረ።

ዘይት በቧንቧ ውስጥ በራሱ አይሄድም፤ በየጣቢያው ያሉ ፓምፖች ይገፉታል፤ ለዚህም ኃይል ይፈጃሉ። ፈሳሹ ከቧንቧው ግድግዳ ጋር ሲፋተግ ኃይል ይባክናል። የተጣራ ነዳጅ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን፥ የሚያስፈልገው ግፊት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። እንግዲህ ጠባቡን ቧንቧ ማስፋት ወይም ሥራውን ለሁለት መሥመር ማካፈል፥ በውስጡ የሚጋገረውን ሰም መጥረግና ያረጁትን ፓምፖች መለወጥ፥ የሚፈጀውን ኃይል፥ ወጪውንና ጭሱን ባንድነት ይቀንሳል። በከባድ መኪና ማመላለስ ግን ለያንዳንዱ በርሜል የበለጠ ናፍጣ ይፈልጋል፤ መኪናውም አብዛኛውን ጊዜ ባዶውን ይመለሳል።

ከዚህም ሌላ በነዚህ ቧንቧዎች የሚያልፈው ድፍድፍ ዘይት ሰም የበዛበት ስለ ሆነ፥ ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይረጋል፤ እንዲፈስም ማሞቅ ያስፈልጋል። በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተነሣ በኋላ፥ በ2024 መጀመሪያ ናፍጣ ለጣቢያዎቹ ሳይደርስ ቀረና ከፓሎች የሚመጣው ዘይት በቧንቧው ውስጥ ረጋ። የደቡብ ሱዳን ዋነኛ ገቢ የሚያልፍበት መሥመር በናፍጣ እጦት ቆሞ አንድ ዓመት ያህል ተቋረጠ። የጃይሊ ማጣሪያም በጦርነቱ በእሳት ክፉኛ ተጎዳ።

ስለዚህ የፈረሰውን ሲጠግኑ እንደ ቀድሞው ብቻ መመለስ አይበቃም። ከመረዌ ግድብ የመሰለ የውሃ ኃይል በሚደርስበት ሥፍራ ፓምፖቹን በኤሌክትሪክ ማስነሣት ናፍጣውን ለእርሻ ያተርፋል፤ ጭሱንም ያጐድላል። ሆኖም የኤሌክትሪክ መሥመር በሚቋረጥበት ጊዜ ዘይቱ እንዳይረጋ፥ መጠባበቂያ ሞተርና ነዳጅ በየጣቢያው ሊቀመጥ ይገባል።

አንድ ነገር ግን መዘንጋት የለበትም። ከዘይት የሚወጣው አብዛኛው ጭስ ተጠቃሚው ሲያቃጥለው የሚወጣ ስለ ሆነ፥ የቧንቧ መታደስ ብቻውን አየሩን አያጠራም። የሚያስገኘው ጥቅም ብክነትን ማስቀረትና፥ ከሁሉ በላይ፥ የዘር ወራት ሳያልፍ ናፍጣው ከገበሬው ደጅ እንዲደርስ ማድረግ ነው።